ካዛንቺስ ሲርቅ የተማሪ ምሽት ያጥራል

በዚህ ሳምንት ስለ ምግብ አሠራርም ሆነ ስለ ሕፃናት አያያዝ አናነሣም። ይልቁንስ ወደ ቂርቆስ ክፍለ ከተማ፣ በተለይም ወደ ካዛንቺስ አብረን እንውረድና፣ ከፍተኛ ትምህርት ቤት የገቡት ልጆችዎ ከትምህርት በኋላ ያለችውን ጥቂት ሰዓት የት እንደሚያሳልፏት እንመልከት።

ባሕር ዳር የሚማር ወጣት ደብተሩን ይዞ ጣና ዳር ይቀመጣል። ለነፋሱም ለውሃውም የሚከፍለው የለም። የአዲስ አበባ ተማሪ ሐይቅ የለውም። በሐይቁ ፈንታ የነበረው የሰፈር ቅርበት ነው። ካዛንቺስ የሚኖር ተማሪ ሒልተንን አልፎ፣ የቤተ መንግሥቱን አጥር ተከትሎ በእግሩ አራት ኪሎ ይደርስ ነበር። ከዚያ ወደ ስድስት ኪሎ አቅጣጫ የአለ የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤትና የያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት ይገኛሉ። ማታ ሲመለስ ደግሞ ሙዚቃው ሰፈሩ ድረስ መጥቶ ይጠብቀዋል።

የሰፈሩን ስም ትቶት የሄደው ጣሊያን ነው። ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. በቆየው ወረራ ጊዜ ለመንግሥት ሠራተኞች መኖሪያ ቤት የሚሠራ «ኢንቺስ» የሚባል ድርጅት ነበረና፣ «የኢንቺስ ቤቶች» ለማለት «ካዛ ኢንቺስ» ተባለ። የአገራችን ሰው አፍ ደግሞ ካዛንቺስ አደረገው። ከዚያ ወዲህ አካባቢው የመሥሪያ ቤቶች፣ የሆቴሎችና የአፍሪካ ኢኮኖሚ ኮሚሽን ጎረቤት ሆነ። ከአስፋልቱ ጀርባ ግን ሌላ ዓለም ነበር። ግድግዳቸው የተያያዘ የቀበሌ ቤቶች፣ ለተማሪ የሚከራዩ ጠባብ ክፍሎች፣ ከደጅ ረከቦት ዘርግተው ቡና የሚያፈሉ እናቶች፣ ከጎናቸውም እንጀራ ሻጮች። ስለ መጠጥ ቤቶቹ ይወራ የነበረውም ሐሜት ብቻ አልነበረም። ይህን ደብቀን ሰፈሩን ብናሞግስ አንባቢዎቻችን ይታዘቡናል።

ከነዚያ ቤቶች መካከል የአዝማሪ ቤቶቹ ለብቻቸው ሊታዩ ይገባል። እርስዎም እንደሚያውቁት «አዝማሪ» የሚለው ቃል በብዙ ቤት ስድብ ሆኖ ኖሯል። ልጄ ማሲንቆ ተማረልኝ ብላ ለጎረቤት የምትኩራራ እናት ብዙ አልነበረችም። ሆኖም አዝማሪው ከተቀመጠው እንግዳ መልክና አነጋገር ተነሥቶ በዚያችው ደቂቃ ስንኝ ይቋጥራል፤ እንግዳውም «ተቀበል» ብሎ የራሱን ስንኝ ያቀብለዋል። ሰምና ወርቅን በጥቁር ሰሌዳ ላይ የተማረ ልጅ፣ ሕዝብ ሲስቅ ወርቁ የቱ ጋ እንደ ነበረ የሚገባው እዚያ ተቀምጦ ነው።

ካዛንቺስ ከነበሩት የአዝማሪ ቤቶች ፈንድቃ እጅግ የታወቀው ነው። ውዝዋዜ አዋቂው መላኩ በላይ በወጣትነቱ በዚያ ቤት ለጉርሻ እየጨፈረ፣ ሌሊቱን ከባንኮኒው ሥር ይተኛ ነበር። በ2000 ዓ.ም. ገደማ ቤቱን ራሱ ያዘው። ውሎ አድሮም የሥዕል ማሳያ ጨመረበት፤ የግጥም ምሽት አዘጋጀበት፤ ኢትዮከለር የተባለውን የሙዚቃና የውዝዋዜ ቡድን አቋቋመ፤ በመጨረሻም ቤቱ የባህል ማዕከል ተባለ። ሥዕል የሚማር ልጅ፣ ማሲንቆ የሚጫወት ሽማግሌና ከቢሮ የወጣ ሠራተኛ በአንድ ጣሪያ ሥር ይገናኙ ነበር።

በ2017 ዓ.ም. መጀመሪያ፣ በኮሪደር ልማቱ ሁለተኛ ምዕራፍ፣ የካዛንቺስ ቤቶች ፈረሱ። ፈንድቃም ከቦታው ተነሣ። ከነዋሪዎቹ ብዙዎቹ ወደ አቃቂ ቃሊቲ ክፍለ ከተማ፣ ገላን ጉራ ወደሚባለው አዲስ መንደር ተዛወሩ። እውነቱን ለመናገር፣ ከጎረቤት ጋር በጋራ መጸዳጃ ሲጠቀም ለኖረ ቤተሰብ የራሱ ወጥ ቤትና መታጠቢያ ማግኘቱ ትንሽ ነገር አይደለም። ይህን የምትንቅ ሴት እጇን በብርድ ውሃ ሰልፍ ይዛ ያላደረች መሆን አለባት።

የጎደለው ሰዓት ነው። እስቲ ከእኛ ጋር ያስሉት። ክፍል በ10 ሰዓት ተኩል ያልቃል፤ የግጥም ወይም የሙዚቃ ዝግጅት ከምሽቱ 1 ሰዓት በፊት እምብዛም አይጀምርም። ካዛንቺስ የምትኖር ልጅ ቤቷ ገብታ፣ እራቷን በልታ፣ ወንድሟን አስከትላ ትሄድ ነበር። ገላን ጉራ የምትኖረው ልጅ ግን ሁለት ሰዓት ተኩል ያህል ከተማ መሀል መቆየት፣ ለምግብ ማውጣት፣ ዝግጅቱ ሳያልቅ መነሣት፣ ከዚያም የታክሲ ሰልፍ መያዝ አለባት። ከስታዲየም ወደ ቃሊቲ የሚወስደው ቀላል ባቡር በ2008 ዓ.ም. ሥራ ሲጀምር በሁለቱ መሥመሮች በድምሩ 41 ባቡሮች ነበሩ፤ ዛሬ ሁሉም አይንቀሳቀሱም። ከቃሊቲ በኋላም ገና መንገድ ይቀራል።

ይህ ስሌት የሚከብደው በሴት ልጅ ላይ ነው። ወንዱ ሲያመሽ «ከጓደኞቹ ጋር ነው» ይባላል። ሴቷ ስታመሽ ግን ጎረቤት ሁሉ ሰዓት ይቆጥራል፤ እናትም በር ላይ ትቆማለች። የእናት ስጋት መሠረት የለውም አንልም። የጨለመ መንገድ የጨለመ ነው። ይሁን እንጂ «ከ12 ሰዓት በፊት ግቢ» የሚለው ትእዛዝ ሥዕል ወይም ሙዚቃ ለምትማር ልጅ ትምህርቷን እኩሌታ መከልከል ነው። ወንድሟ ላይ ያልተጣለ ትእዛዝ ደግሞ ባይጣልባት ደስ ይለናል።

ታዲያ በቀን ብርሃን የሚያዳርስ ምን አለ? ክፍያ የማይጠይቀው የመጀመሪያው መቀመጫ የመስቀል አደባባይ ደረጃ ነው። ጧት ሯጮች ይሞሉታል፤ ከሰዓት በኋላ ጥንድ ጥንድ ሆነው የሚያነቡ ተማሪዎች አይጠፉበትም። ከአደባባዩ ዳር፣ በቀድሞው የራስ ብሩ ወልደ ገብርኤል መኖሪያ፣ የአዲስ አበባ ሙዚየም አለ። በጥር 1953 ዓ.ም. በተመረቀው የአፍሪካ አዳራሽ ደግሞ የአፈወርቅ ተክሌ ባለ ቀለም የመስታወት ሥዕል፣ 150 ካሬ ሜትር ያህል፣ የአፍሪካን ያለፈውን፣ የአሁኑንና የመጪውን ዘመን በሦስት ከፍሎ ያሳያል። ግቢው የተባበሩት መንግሥታት ስለሆነ እንደ ሻይ ቤት ሰተት ብለው አይገቡበትም። ቢሆንም ፈቃድ ጠይቆ ያየው ተማሪ ቀለምና ብርሃን እንዴት እንደሚዋዋሱ ከመምህሩ በላይ ይማርበታል። በ2014 ዓ.ም. አራት ኪሎ ላይ የተከፈተው አብርሆት ቤተ መጻሕፍት በአንድ ጊዜ ከ2,000 በላይ አንባቢ ያስተናግዳል፤ መግቢያም አይከፈልበትም። ፈንድቃም ከካዛንቺስ ከተነሣ በኋላ ዝግጅቶቹን መስቀል አደባባይ አጠገብ ባለው ሃያት ሪጀንሲ ሆቴል ማቅረብ ጀምሯል። የሆቴል በር የተማሪን ጫማ አያስደነግጥም ማለት ግን አንችልም።

ልጅዎ «ዝግጅት አለ» ብላ ስትጠይቅዎ፣ ከመከልከልዎ በፊት ቦታውን፣ የሚያልቅበትን ሰዓትና አብሯት የሚመለሰውን ሰው ይጠይቋት። ቢቻልዎ አንዴ አብረዋት ይሂዱ። ከአንድ ሰፈር የመጡ ሦስት አራት ልጆች በአንድነት ከወጡ የታክሲውን ዋጋ ይካፈላሉ፤ እናቶቹም ተራ ገብተው ቃሊቲ ድረስ መቀበል ይችላሉ። የካዛንቺስ ሴቶች እቁቡንም እድሩንም ይዘው ወደ አዲሱ መንደር ሄደዋል፤ ለመቀበያ ተራ የሚሆን ወዳጅ አያጡም። ለቅዳሜ የሚያስቡ ከሆነ ከምሳ በኋላ ወዲያው ይነሡ፤ ሻርፕም ይያዙ፤ የአደባባዩ ደረጃ ከ10 ሰዓት በኋላ ይበርዳል።