ኮሪደሩ ግምጃ ቤት አይደለም

የተወለድኩባት ከተማ ስሟ ግምጃ ቤት ነው። አዊ ዞን ውስጥ ያለችው፣ የአንከሻዋ ግምጃ ቤት። አዲስ አበባ ላይ ስሟን ስጠራ ሰዎች ይስቃሉ፤ «ታዲያ ብሩ የት አለ?» ይሉኛል። ግምጃ ቤት ማለት ዕቃ፣ ያውም ውድ ዕቃ፣ ተቆልፎ የሚቀመጥበት ቤት ነው። ጠባቂ አለው፣ ቁልፍ አለው፣ እያንዳንዱ ዕቃም ባለቤት አለው። በዚህ ስም ውስጥ አድጌ፣ ዕቃ የት መቀመጥ እንደሌለበት የተማርኩት ግን በሠላሳ ዓመቴ ጣና ዳር ባለ አንድ ሪዞርት ሁለተኛ ፎቅ ላይ ነው። ለትምህርቱ የከፈለው ደግሞ የአባቴ ቀኝ እጅ ነው።

ጥር ወር ነበር፣ መንገዱ ሰላም የነበረበት ጊዜ። ውጭ አገር የሚኖረው ታላቅ ወንድሜ ከስምንት ዓመት በኋላ መጣ፤ ጉዞውንም ሆን ብሎ ከጥር 23 ጋር አገጣጠመው። በዚያ ቀን እንጅባራ ላይ የሰባት ቤት አገው ፈረሰኞች በዓል ይከበራል። ማኅበሩ በ1932 ዓ.ም. የተመሠረተ ነው፤ ዓድዋ ላይና በኋላም በጣሊያን ወረራ ጊዜ ከአርበኞች ጋር የዘመቱትን ፈረሶች ያስባል። አንከሻ ከሰባቱ ቤቶች አንዱ ነው። አባቴ ከጎረምሳነቱ ጀምሮ በዚያ ሜዳ ላይ ጋልቧል። በዚያ ዓመት ስድሳ ሦስት ዓመቱ ነበር፤ መሬት ላይ ሲሄድ ጉልበቴን የሚል ሰው ኮርቻ ላይ ሲወጣ ግን ሌላ ሰው ይሆናል።

በማግስቱ ፈረሱን ከአጎቴ ልጅ ጋር ወደ ግምጃ ቤት ሰደደና እኛ በአዲስ ቅዳም፣ በዳንግላ፣ በመራዊ አድርገን ባሕር ዳር ገባን። ወንድሜ «አንድ ጊዜ እንኳ ሰው አብስሎላቸው ይብሉ» ብሎ ሦስት ክፍል ለሦስት ሌሊት ይዞ ነበር። አባቴ ከአባቱ የወረሰውን ኮርቻ ለማንም አላምንም ብሎ አቅፎት መጣ። ሪሴፕሽን ላይ የነበረው ልጅ ሻንጣ መስሎት ሊቀበለው እጁን ሲዘረጋ አባቴ ወደ ኋላ ሸሸ። እኔ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ።

እውነቱን ልናገር፦ ያን ቀን ሙሉ ሳፍር ነው የዋልኩት።

እናቴ ክፍሏ በር ላይ ስትደርስ ጫማዋን አወለቀች። «በዚህ ምንጣፍ ላይ በጫማ አይገባም» አለች። ጫማዋን ከግድግዳው ጋር አስጠግታ፣ አፍንጫውን ወደ ውጭ አዙራ፣ ጎን ለጎን አስቀመጠችው። በኮሪደሩ ስታልፍ የተከፈተ በር ካየች «ቤቶች!» ትላለች፤ አገራችን ሰው ደጅ ሲደርስ እንደሚባለው። አንድ የውጭ አገር ሰው ፎጣ አገልድሞ ብቅ ብሎ ግራ ገብቶት አያት። እሷ ጎንበስ ብላ ሰላም አለችው።

ከሰዓት በኋላ ከዘንቢሏ ጀበናና ትንሽ የከሰል ምድጃ አወጣች። ክፍሉ ውስጥ ጭስ እንዳይሆን ብላ ኮሪደሩ ላይ ልታቀጣጥል! በዚያ ሰዓት አንሶላ የሚቀይሩበትን ጋሪ የምትገፋ ልጅ ደረሰች። አልጮኸችም። «እማማ፣ እዚህ ከሰል አይቻልም፤ ጭሱ መውጫ የለውም፤ ሰው ይጎዳብናል» አለች በቀስታ። እናቴ አነጋገሯን ሰምታ «የማን አገር ልጅ ነሽ?» አለቻት። ዳንግላ። ከዚያ በኋላ በአዊኛ ሆነ ወሬው። ልጅቷ ራሷ ምድጃውን ይዛ ወደ አትክልቱ ቦታ ወሰደቻት፤ ሐይቁን እያዩ ተፈላ። አንድ ሲኒ ቆማ ጠጣች፣ ዓይኗን ኃላፊዋ በሚመጣበት በኩል እያደረገች።

ማታ እናቴን ተቆጣኋት። «እማዬ፣ ይሄ እኮ ሆቴል ነው! ጫማ ውጭ አይቀመጥም፤ ሰው ምን ይላል?» አልኳት። ምንም አልመለሰችልኝም።

ኮሪደሩን ግን እንየው። የእናቴ ጫማ ብቻ አልነበረም እዚያ የተቀመጠው። ከፊታችን ያሉት ቤተሰቦች የሕፃን ጋሪ በሩ ላይ አቁመዋል። ቀጥሎ ያሉት ጎረምሶች ባዶ የቢራ ጠርሙስ ደርድረዋል። ከመዋኛ የመጡ ልጆች እርጥብ ፎጣቸውን ጥለው ከሥሩ ውኃ ይንጠባጠባል። የሆነ ሰው የተበላ ፒዛ ካርቶኑን ክፍት ትቶታል። እነዚህ ሁሉ ሰዎች ቤታቸው ቢሆኑ እንግዳ ሲመጣ ሳሎን የሚጠርጉ ሰዎች ናቸው። እዚህ ግን እያንዳንዱ የሚያስበው አንድ ነገር ነው፦ ከፍያለሁ፤ የሚያነሳው ሰው አለ።

እኔም እንደዚያው ነኝ። የዚያን ማታ ክፍሌ ድረስ የተጠበሰ ዓሣ በእንጀራ አዘዝኩ። ጠረጴዛው ላይ በአማርኛ የተጻፈ ወረቀት ነበር፤ ምግብ ሲጨርሱ ደውሉልንና መጥተን እናነሳለን ይላል። አነበብኩት። ስልኩ ከእጄ አንድ ክንድ ርቀት ላይ ነበር። ግን በሩን ከፍቼ ትሪውን ውጭ አስቀመጥኩት። ፊልም ላይ እንደዚያ ነው የሚያደርጉት፤ የሠለጠነ እንግዳ ትሪውን ውጭ ያወጣል። ግድግዳው ጋ እንኳ አላስጠጋሁትም። ክፍሌ ደግሞ ደረጃው አጠገብ ነው።

ሌሊት አሥራ አንድ ሰዓት ላይ አባቴ ኪዳን ለማድረስ ተነሳ። ጋቢውን ተከናንቦ ከክፍሉ ወጣ። ደረጃው ጋ ሊደርስ ሲል መብራት ጠፋ። ጄኔሬተሩ እስኪነሳ ቢበዛ አንድ ደቂቃ ነው፤ ለመውደቅ ግን ከበቂ በላይ ነው። የሳህኑን ድምፅ ሰማሁ፤ ከዚያ የሰው ድምፅ። ድምፁን አውቀዋለሁ።

ስወጣ መብራቱ መጥቶ ነበር። አባቴ ከላይኛው ደረጃ ላይ ተቀምጦ ቀኝ እጁን በግራው ደግፏል። እናቴ በባዶ እግሯ ጎንበስ ብላ የተሰበረውን ሳህን ትለቅማለች።

ሐኪም ቤት የእጁ አንጓ ተሰብሯል ተባለና በጀሶ ታሸገ። ስንመለስ ፀሐይ ወጥታለች። ወንድሜ በቀጥታ ወደ ሪሴፕሽን ሄደ። «ሰው ይህን ያህል ገንዘብ ከፍሎ እጁ ተሰብሮ ይመለስ? ኮሪደር ላይ ዕቃ ተጥሎ እንዴት ያድራል?» ብሎ ጮኸ። ጠረጴዛው ጀርባ ያለው ልጅ ይቅርታ ይላል፤ ደጋግሞ ይቅርታ ይላል። ኃላፊው መጣ። «ማታ ፎቁ ላይ ተረኛ ማን ነበር?» አለ። የዳንግላዋ ልጅ ተጠራች።

«ስወጣ ትሪ አልነበረም» አለች።

«ታዲያ በእግሩ ሄደ?» አላት ኃላፊው። ማስጠንቀቂያ ይጻፋል፣ ሳህኑም ከደመወዝ ይቆረጣል የሚል ነገር ተናገረ። ልጅቷ ሁለት እጇን ሽርጧ ላይ አድርጋ መሬት መሬት ታያለች።

እኔ እዚያው ነበርኩ። ዝም አልኩ። ለምን ዝም እንዳልኩ እስካሁን ራሴን እጠይቃለሁ። የወንድሜን ቁጣ ፈርቼ ነው? አባቴን? ወይስ በውስጤ «እሷማ ለምዳዋለች» ብዬ ነው? የመጨረሻው እንዳይሆን እፈራለሁ።

ያኔ እናቴ አየችኝ። ከልጅነቴ ጀምሮ የእንጀራ ጠርዝ አልበላም፤ ዙሪያውን እቆርጥና እተወዋለሁ። ስብርባሪውን የለቀመችው እሷ ናት። ትሪው የማን እንደሆነ ከሌሊት ጀምሮ ታውቅ ነበር፤ እስክናገር እየጠበቀችኝ ነው። ምንም አላለችም፤ ዓይኗን ብቻ ከእኔ አላነሳችም።

«ትሪው የእኔ ነው» አልኩ።

ወንድሜ አፉን ከፍቶ ቀረ። ኃላፊው ወዲያው ድምፁን ቀየረ፤ «ምንም አይደለም እህቴ፣ ያጋጥማል» አለኝ። ይህ ከስድብ በላይ አመመኝ። ለእሷ ጥፋት የነበረው ለእኔ «ያጋጥማል» ሆነ። የሳህኑን ዋጋ ከፈልኩ፤ ማስጠንቀቂያ እንዳይጻፍባትም ጠየቅኩ። እሺ አለኝ። ልጅቷን ይቅርታ ስላት «ኧረ ምንም አይደል፣ ብቻ አባባ ይዳኑ» አለችኝና ጋሪዋን ገፋች።

ከሰዓት በኋላ አባቴ ሐይቁ ዳር ተቀምጦ አጠገቡ ሄድኩ። ይቆጣኛል ብዬ ነበር። እሱ ግን ስለ እርሻ ነው ያወራኝ።

«የእኔ ማሳ እዚህ ነው፤ የጎረቤቴ እዚያ። መካከላቸው ያለችው መሄጃ የማናችንም አይደለችም፤ ለዚህ ነው የምንጠብቃት። ከብቱም፣ ልጁም፣ ሬሳውም በእሷ ነው የሚያልፈው። አንድ ትልም የገፋባት ሰው የማንን መሬት ወሰደ? የሁሉን።»

ኮሪደር የሚባል ነገር ግምጃ ቤት ላሉት ቤቶቻችን እንግዳ ነው። ቤት አለ፣ ደጅ አለ፣ ከዚያ መንገድ ነው። ለዚህ ይመስለኛል ሆቴል ስንገባ ኮሪደሩን ወይ ደጃችን የምናደርገው ወይ ቆሻሻ መጣያ። መሄጃ መሆኑን ግን እንረሳለን። ሕጉ እንኳ ያውቀዋል፤ ስለ ኮንዶሚኒየም የወጣው አዋጅ ቁጥር 370/1995 ከየቤቱ ውጭ ያለውን የጋራ ብሎ ለይቶታል፣ የሁሉም ባለቤቶች ነው ብሎ። እኛ ግን ፎቃችን ላይ ብርሜል፣ ከሰል፣ ጀሪካንና አሮጌ ፍራሽ እየደረደርን የጋራውን የግል እናደርገዋለን።

ነገሩ ከጨዋነትም ያልፋል። በኅዳር 1973 ዓ.ም. ላስ ቬጋስ ውስጥ ኤምጂኤም ግራንድ የተባለ ትልቅ ሆቴል ተቃጥሎ 85 ሰው ሞቷል። እሳቱ የተነሳው ምድር ቤት ባለ ምግብ ቤት ነው፤ አብዛኞቹ የሞቱት ግን እሳቱ ሳይደርስባቸው፣ ላይኛው ፎቅ ላይ፣ በጭስ ታፍነው ነው። በጭስ ውስጥ ሰው ዓይኑ አያይም፤ ግድግዳ እየዳሰሰ በእግሩ እየፈለገ ነው የሚሄደው። በዚያ ሰዓት የሕፃን ጋሪ፣ የቢራ ጠርሙስ፣ የተበላበት ትሪ ምን እንደሚሆን አስቡት። እኔ ማሰብ አያስፈልገኝም፤ መብራት ለአንድ ደቂቃ ሲጠፋ አይቼዋለሁ።

ስለ እንግዳ አቀባበል ሲወራ እኛን የሚያህል የለም። «የእግዜር እንግዳ» ብሎ ደጅ የቆመን መንገደኛ እግሩን አጥበን፣ መደቡን ለቀን እናሳድራለን። እንግዳውም ግን ሕግ ነበረበት። ወደ ጓዳ አያይም፣ ሳይነገረው አይቀመጥም፣ ሲነጋ የተኛበትን አንስቶ መርቆ ይሄዳል። ሆቴል ስንገባ የአስተናጋጁን ግዴታ በብር ገዛነው፤ የእንግዳውን ግዴታ የት እንደጣልነው እንጃ። እናቴ አልጣለችውም። ከግድግዳው ጋር የተጠጋው ጫማዋ ማንንም አልጣለም። ወጥታ ስትሄድም አልጋዋን ራሷ አንጥፋ ነበር፤ የዳንግላዋ ልጅ ስታይ «እማማ፣ ሥራዬን ሊቀሙኝ ነው?» ብላ ሳቀች።

የአባቴ አጥንት ገጠመ፤ አንጓው ግን እንደ ድሮው አልታጠፈም። በቀጣዩ ጥር 23 ፈረሱን የጋለበው የአጎቴ ልጅ ነው። አባቴ ኮርቻውን በግራ እጁ እየጎተተ ራሱ ጫነለት፣ ከዚያ ከሜዳው ዳር ከሕዝቡ ጋር ቆመ። ፈረሶቹ ሲያልፉ ቀኝ እጁ ልጓም እንደያዘ ሰው ትንሽ ትንሽ ይንቀሳቀስ ነበር። አየሁት፤ ማየቴንም አየ።

አሁን ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ እኖራለሁ። ባለፈው ሳምንት ውኃ ጠፍቶ ሁለት ጀሪካን ሞልቼ በሬ ላይ ትቼው ገባሁ። ማታ ተኝቼ ትዝ አለኝ። ተነሳሁና አስገባኋቸው። ኩሽናዬ ጠባብ ስለሆነ አልጋዬ አጠገብ ነው ያደሩት።