ለአንድ ስም ሦስት «አቤት»

ዋና ቁልፍ የሚባለው በመረጃ ሠንጠረዥ ውስጥ አንዱን ረድፍ ከሌላው የሚለይ፣ የማይደገምና ባዶ የማይሆን እሴት ነው። ኮምፒውተር ከመምጣቱ በፊት ይህ ሥራ የጠያቂው ነበር። ሐይቅ ከተማ ላይ «ሰይድ አሊ!» ብሎ የተጣራ ሰው ሦስት «አቤት» ሊሰማ ይችላል። ያኔ የአያት ስም ይጨመራል፤ እሱም ካልለየ «የተሁለደሬው ነው የአምባሰሉ?» ይባላል። ባለሙያዎች ጥምር ቁልፍ የሚሉት ይህንኑ ነው፤ አገሬው ግን ኮርስ ሳይወስድ ሲሠራበት ኖሯል።

መሬትም በአዋሳኝ ይታወቅ ነበር፦ በምሥራቅ እገሌ፣ በምዕራብ እገሊት፣ በሰሜን መንገድ፣ በደቡብ ወንዝ። እገሌ ሞቶ ልጆቹ ሲካፈሉ፣ ማሳው ከቦታው ሳይነቃነቅ መለያው ይለወጣል። ዋና ቁልፍ እንዲህ መሆን የለበትም፤ ሌሎች ሠንጠረዦች እሱን እየጠሩ ስለሚኖሩ የእሱ መለወጥ ሁሉንም ያናጋል።

ሐሳቡን በሥርዓት ያስቀመጠው የአይቢኤም ተመራማሪው እንግሊዛዊ ኤድጋር ኮድ ነው። በ1970 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ጽሑፍ፣ ሠንጠረዡ ከአንድ በላይ ብቁ መለያ ካለው አንዱ እንደ ፈቃድ ይመረጥ አለ። የሠንጠረዥ ነዳፊዎች በዚያች «እንደ ፈቃድ» እስከ ዛሬ ይከራከራሉ።

ስም ለዚህ ሹመት ሲታጭ በሁለት በኩል ይወድቃል። አይደገም ቢባል፣ ሁለተኛው ሰይድ አሊ «ተመዝግበሃል» ተብሎ ይመለሳል። ደግሞም ኮምፒውተር የ«ሀ»ንና የ«ሐ»ን ዝምድና አያውቅም፤ አንዱን ሰው «ሙሀመድ» እና «ሙሐመድ» ብሎ ሁለቴ ይመዘግበዋል። ስልክ ቁጥርም ይቀየራል፣ አንዳንዴም የቤተሰብ ሁሉ ነው።

ስለዚህ ብዙዎች ትርጉም የለሽ ተራ ቁጥርን ይሾማሉ። ቁጥር ቀበሌ አይለውጥም፣ ፊደል አያሳስትም። ብቻውን ግን አይበቃም፤ ያው ሰው ሁለቴ ቢመጣ ሁለት ቁጥር ይታደለዋል። ይህን የሚያግደው የማይደገም እውነተኛ መረጃ የያዘ ልዩ ቁልፍ ነው። በአዋጅ ቁጥር 1284/2015 የተደነገገው የፋይዳ መታወቂያ ሁለቱንም ይዟል፦ 12 አሃዝ ያለው ቁጥር ይሰጣል፣ ከመስጠቱ በፊት ግን የጣት አሻራንና የዓይን ብሌንን ቀድሞ ከተመዘገቡት ጋር ያመሳክራል።

ያም ሆኖ የፋይዳን ቁጥር ለራሱ ሠንጠረዥ ዋና ቁልፍ ያደረገ ነዳፊ፣ ፋይዳ ገና ያላወጣውን ደንበኛ የሚያስገባበት ረድፍ ያጣል። ልዩ ቁልፍ ግን በብዙ ሶፍትዌሮች ባዶን ይታገሣል። እንግዲህ ተራ ቁጥሩ ዋና፣ ፋይዳው ልዩ፣ ስሙም መጠሪያ ብቻ ይሆናል።