የሩዝ ሙከራና የእህቴ ሕመም

ፎገራ ለሙከራ እንግዳ አይደለም። በደርግ ዘመን የሰሜን ኮሪያ ባለሙያዎች ሩዝ ይዘው ሲመጡ «ይህ ደግሞ ምን ይሆን?» ያለው ገበሬ ብዙ ነበር፤ ዛሬ ግን ርብና ጉማራ ሞልተው ሜዳው ውኃ ሲተኛበት ከውኃው ጋር ተስማምቶ የሚበቅለው ይኸው ሩዝ ነው። በወረታም ብሔራዊ የሩዝ ምርምርና ሥልጠና ማዕከል ተቋቁሟል። ተመራማሪዎች አዲስ ዘር ሲመጣ ማሳውን በመደብ በመደብ ከፍለው ከነባሩ ኤክስ ጅግና ጎን ይዘሩታል። የትኛው መደብ ለየትኛው ዘር እንደሚደርስ የሚወሰነው በዕጣ ነው፤ ለሙ ጥግ ሆን ተብሎ ለአዲሱ ቢሰጥ ፍርዱ ይዛባልና። ይህን ፊደል ያልቆጠረ ገበሬ እንኳ አይቶ ተረድቶታል።

ውድ አንባቢ ሆይ! የሩዙን ነገር ያነሳሁት ያለ ምክንያት አይደለም። ታላቅ እህቴን የድብርት ሕመም ከያዛት ሦስት ዓመት ሊሆናት ነው። በወረታ ገበያ ሩዝ ስትነግድ የኖረች፣ ሒሳብ በቃሏ የምትይዝ ሴት ነበረች። ዛሬ ጎሕ ሳይቀድ ትነቃና ጣሪያውን ስታይ ይነጋባታል። ቡና ተፈልቶ «አቦል ደረሰ» ሲሏት ፊቷን ወደ ግድግዳው ታዞራለች። ጎረቤቱ የየራሱን ተናግሯል፤ አንዱ ዓይነ ጥላ አለ፣ ሌላው ጅን ነው አለ፣ የኢማን ድክመት ነው ያለም አልጠፋም። ይህ የመጨረሻው አነጋገር እጅግ ያሳዝነኛል። ስኳር የያዘውን ሰው ኢማንህ ደክሟል የሚለው የለምና።

ወደ ሕክምና ወሰድናት። ባለሙያው ስለ እንቅልፏ፣ ስለ ምግብ ፍላጎቷ፣ ራሷን ስለ መውቀሷ፣ ሞትን ስለ መመኘቷ ጠየቃትና ፍሉኦክስቲን የሚባል ክኒን አዘዘላት። ከሳምንታት በኋላ መጠነኛ ለውጥ መጣ፤ እንቅልፏ ተመለሰ፣ ደስታዋ ግን አልተመለሰም። በዚህ ጊዜ ነው አዲስ አበባ የሚኖር የአጎታችን ልጅ ደውሎ «ለድብርት አዲስ ሕክምና የሚሞክሩ ተመራማሪዎች አሉ፤ ታካሚ ይቀበላሉ፤ ፈልጉ» ያለን።

ፍለጋው የእኔ ሥራ ሆነ። በአፍሪካ የሚካሄዱ የሕክምና ሙከራዎች የሚመዘገቡበት የፓን አፍሪካ መዝገብ መቀመጫው ደቡብ አፍሪካ ሲሆን ማንም ሰው በነፃ ሊያየው ይችላል። ለእያንዳንዱ ሙከራ የት እንደሚካሄድ፣ ማንን እንደሚቀበልና ማንን እንደማይቀበል፣ ኃላፊው ማን እንደሆነ ተጽፏል። ችግሩ ጽሑፉ በእንግሊዝኛ መሆኑ ነው፤ የወረታ ነጋዴ እንዴት ያንብበው? እኔ ባነበብኩት ውስጥ የፎገራን ስም የያዘ የድብርት ሙከራ አላየሁም።

በአገራችን የዚህ ዓይነት ምርምር ጎልቶ የሚታየው በደቡብ በኩል ነው። እ.ኤ.አ. በ2011 በአምስት አገሮች በተጀመረውና ፕራይም በተባለው ፕሮግራም፣ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በያኔው የጉራጌ ዞን ሶዶ ወረዳ ድብርት በተራ ጤና ጣቢያ እንዲታከም ሠራተኞችን አሠልጥነዋል። ያ በዕጣ የተደረገ አልነበረም። ኋላ ግን በዚያው አካባቢ፣ ድብርት ለሚታይባቸው ነፍሰ ጡር እናቶች ችግርን በንግግር የመፍታት ሕክምና በአነስተኛ ደረጃ በዕጣ ተሞክሯል። ተሳታፊ የሆኑት በእነዚያው ጤና ጣቢያዎች ለእርግዝና ክትትል የመጡ ሴቶች ናቸው። ከወረታ ተነስቶ ሶዶ ቢሄዱ የሚቀበል የለም። ነፍሰ ጡር ያልሆነችውን እህቴንማ በሩ ላይ ነው የሚመልሷት።

ያኔ አንድ ነገር ገባኝ። በሀብታም አገር በሽተኛው ሙከራውን አስሶ ያገኘዋል። በእኛ አገር በአብዛኛው ሙከራው ነው ጤና ጣቢያ ተቀምጦ በሽተኛውን የሚጠብቀው። ቤቱ የተኛ ሰው ደግሞ በማንም መዝገብ ላይ የለም።

ነገሩን ለእህቴ ስነግራት ቀና ብላ ተቀመጠች። «ሰው እንደ ሩዝ ይሞከራል እንዴ? ደግሞስ ዕጣው ባይወጣልኝ?» አለችኝ። ከብዙ ወራት በኋላ የጠየቀችው ረጅሙ ጥያቄ ስለነበር እንደ ቀላል አላለፍኩትም። ሩዝ አይጠየቅም፤ ሰው ግን ይጠየቃል። ጥናቱ አስቀድሞ በሥነ ምግባር ገምጋሚ ኮሚቴ ይታያል፤ ለተሳታፊው በሚገባው ቋንቋ ተነብቦለት ሲስማማ ይፈርማል ወይም አሻራውን ያኖራል፤ በፈለገ ቀን ቢተው ደግሞ የተለመደው ሕክምናው አይቀርበትም።

ስለ ዕጣው የኡጋንዳን ነገር አጫወትኳት። ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2003 በታተመው ሙከራ ሠላሳ መንደሮች በዕጣ ተከፈሉ፤ በአንዱ ወገን የተጨነቁ ሰዎች ለ16 ሳምንታት በቡድን እየተሰበሰቡ ተወያዩ። በመጨረሻ ከእነዚህ ውስጥ ድብርት የቀረባቸው 6.5 በመቶው ብቻ ሲሆኑ፣ ባልተሰበሰቡት ዘንድ 54.7 በመቶ ነበሩ። ልብ በል አንባቢዬ! ያልተሰበሰቡትም ሲጀመር 94 በመቶ ነበሩ፤ ውይይቱ ሳይደርሳቸው ብዙዎቹ ተሽሏቸዋል። የሚያነጻጽር ወገን ባይኖር ኖሮ ይህም ሁሉ ለውይይቱ ይቆጠርለት ነበር። በፓኪስታን ራዋልፒንዲ ደግሞ ከእኛ ጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ጋር የሚመሳሰሉ ሴቶች እየዞሩ እናቶችን አነጋገሩ፤ እ.ኤ.አ. በ2008 እንደተዘገበው ከስድስት ወር በኋላ ድብርት የነበረባቸው ከ100 እናቶች 23 ሲሆኑ፣ በሌላው ወገን 53 ነበሩ። ይህ በፎገራ ቀበሌዎች ለምን አይሞከርም? ጤና ኬላውም ሠራተኞቹም አሉ።

አንድ እንቅፋት ግን አለ። አንዳንዱ ሙከራ መድኃኒት የጀመረን ሰው አይቀበልም። ለመግባት ሲል ክኒኑን በራሱ የሚያቋርጥ ሰው ያስፈራኛል። የሚጠቅመውን ጥሎ የማይታወቀውን መጠበቅ ነውና። ራሱን ለማጥፋት የሚያስብማ በዚያው ዕለት ሐኪም ዘንድ ይወሰድ እንጂ ምንም ዓይነት ምርምር መጠበቅ የለበትም።

አንድ ቀን ምርምሩ ወደኛ ቢመጣ የምንጠይቀውን እህቴና እኔ አብረን አወጣን። የመጓጓዣውን ማን ይከፍላል? ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ወዲህ በክልሉ ግጭት መንገድ ተዘግቶ ስንት ቀጠሮ እንዳለፈ እናውቃለንና፣ መንገድ ቢዘጋ ክትትሉ እንዴት ይሆናል? ቀጠሮው ጁምዓ ላይ ቢውልስ? በረመዷን ክኒኑ በስንት ሰዓት ይወሰዳል? ይህን የመጨረሻውን ለአሁኑ መድኃኒቷም ጠይቀን፣ በቀን አንዴ የሚወሰድ ስለሆነ ባለሙያው ወደ ሱሑር ሰዓት አድርጎላታል።

ከሁሉ የከበደውን ያመጣችው እሷ ናት። «ጥናቱ ሲያልቅ መድኃኒቱን ማን ይሰጠኛል?» ጥያቄዎቹን በወረቀት ጽፌ ለሚያክማት ባለሙያ ሰጠሁት፤ አጥፎ ከካርዷ ጋር አኖረው። ቀጣዩ ቀጠሮዋ ከዒድ በኋላ ባለው ማክሰኞ ነው።