ኪያር፣ አቼቶ እና የተዘጋ መንገድ

መራዊ ውሃ አላጣችም። ከባሕር ዳር 35 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ የምትገኘው ይህች ከተማ 7,000 ሄክታር ገደማ እንዲያለማ የተሠራው የቆጋ መስኖ ጎረቤት ናት። በበጋ ሽንኩርቱ፣ ቲማቲሙ፣ ጥቅል ጎመኑ በአንድ ሰሞን ይደርሳል። ጣጣው የሚጀምረው ከደረሰ በኋላ ነው። ሁሉም እኩል ገበያ ሲያወጣ ዋጋው ይወድቃል። መኪና ከቀረ ደግሞ የወደቀውም ዋጋ አይገኝም፤ ምርቱ እዚያው ይበሰብሳል።

መንገድ ለምን እንደሚዘጋ ለዚህ ቻናል ተከታታይ መንገር ለቀባሪው ማርዳት ነው። ክልሉ ጦርነት ውስጥ የገባው በ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ነው። ጥር 20 ቀን 2016 ዓ.ም. በመራዊ ቢያንስ 45 ሲቪሎች በመንግሥት የጸጥታ ኃይሎች ከሕግ ውጭ መገደላቸውን የኢትዮጵያ ሰብዓዊ መብቶች ኮሚሽን አሳውቋል። በዚህ መሀል ስለ ጣፋጭ የኪያር አቼቶ ማውራት ቅንጦት የሚመስለው ካለ፣ እስቲ ጓዳ ይግባ።

እናቶቻችን ለክፉ ቀን ማስቀመጥን ከማንም አልተማሩም። ሥጋውን ቋንጣ፣ በርበሬውን አዋዜ፣ ባቄላውን በስናፍጭ ሲልጆ አድርገው ያቆያሉ። ያልተለመደው እርጥቡን አትክልት ማቆየት ነው። «የፈረንጅ ነገር ነው» የሚል አይጠፋም። ቲማቲሙም ቃሪያውም ባሕር ተሻግረው የመጡ ናቸው፤ «አቼቶ» የሚለው ቃል ራሱ ጣሊያንኛ ነው። የሀገር ያደረጋቸው የባልትና እጅ ነው።

አሠራሩ ቀላል ነው። 1 ኪሎ ኪያር በስሱ ይከተፋል፤ 2 የሾርባ ማንኪያ ጨው ተነስንሶበት 2 ሰዓት ይቆይና ያዘዘውን ውሃ አፍስሶ ይለቀለቃል። 2 ብርጭቆ አቼቶና 2 ብርጭቆ ስኳር ከጥቂት ስናፍጭ፣ እርድና ዝንጅብል ጋር ይፈላል። ኪያሩ ገብቶ አንዴ እንደፈላ፣ ተቀቅሎ በጸዳ ጠርሙስ ትኩሱን ይገለበጣል። አሉሚኒየም ድስት ግን አይሆንም፤ አቼቶው ይበላዋል። ኪያር ከጠፋ ሽንኩርትም ጥቅል ጎመንም በአቼቶ ይቆያል፤ መጠኑ ግን የየራሱ ነው።

እዚህ ላይ ጥንቃቄ ያሻል። ምግቡን የሚጠብቀው ኮምጣጣነቱ ነው። ስለዚህ አቼቶው 5 በመቶ አሲድ እንዳለው ጠርሙሱ ላይ ይነበብ፤ «በረከት እንዲኖረው» ተብሎ በውሃ አይቅጠን። ፍሪጅ ላለው ይህ ይበቃል። መብራት በሚጠፋበት ቤት ግን ጠርሙሱ በደንብ ተከድኖ ውሃ ውስጥ መቀቀል አለበት። መራዊ ከባሕር ወለል በላይ ወደ 2,000 ሜትር ከፍታ ላይ ስለሆነች ውሃ በ93 ዲግሪ ገደማ ይፈላል። በባሕር ወለል ከፍታ 10 ደቂቃ የሚበቃው እዚህ 20 ይፈልጋል። ክዳኑ አየር ካስገባ ቶሎ ይበላ።

አንድ ቤተሰብ በዚህ መንገድ ጥቂት ኪሎ ያድናል። ማሳ ሙሉ ምርት ግን በጠርሙስ አይድንም። ባለሥልጣናት ለገበሬው «እሴት ጨምር» ሲሉ ዓመታት ተቆጥረዋል። እሴት የሚጨመረው በስኳር፣ በጠርሙስ፣ በመብራትና በሰላም ነው። ስኳር ተወዷል፤ ልኩን የጠበቀ ክዳን ያለው ጠርሙስ እንደ ልብ አይገኝም፤ መብራቱን ሁሉም ያውቀዋል። ለመስኖ ግድብ የሠራ መንግሥት ለምርቱ ማቆያ መጋዘንና የሚያስኬድ መንገድ ካላሰበ፣ የቆጋ ውሃ የሚያበቅለው ኪሳራ ይሆናል።

እናትየው ይህ ሁሉ እስኪስተካከል አትጠብቅም። ያለችውን ትከትፋለች፣ ጨው ትነሰንሳለች፣ ጠርሙሱን መደርደሪያ ላይ ታኖራለች። ልጆቿ መንገድ በተዘጋበት ሳምንት እንጀራቸውን የሚበሉበት ነገር አያጡም። ከእሷ በላይ ያሉት ደግሞ የየድርሻቸውን ይወጡ።