ለጥያቄ ጊዜ የለንም

ሞጆ የሚኖር ሰው ወሬ ፍለጋ ሩቅ አይሄድም። ከጅቡቲ የሚመጣው ኮንቴይነር የሚራገፈው በደረቅ ወደባችን ነው። ወደ ሐዋሳ የሚወርደው መንገድም የሚገነጠለው እዚሁ ነው። ሹፌርና ረዳት ምሳ እየበሉ የሚያወሩት የመቂ፣ የባቱና የሻሸመኔ ነገር ከዜናው ሰዓት ቀድሞ መንደር ለመንደር ይዳረሳል። እኔ ሲቪክስ አስተማሪ ነኝ። ተማሪዎቼ ጠዋት ክፍል ሲገቡ ይዘውት የሚመጡት ጥያቄ አብዛኛውን ጊዜ ከመጽሐፉ ሳይሆን ከዚያ ከምሳ ቤቱ የወጣ ነው።

አንድ ቅዳሜ ትልልቆቹን ተማሪዎች ይዤ በአካባቢያችን ባለ አንድ ዩኒቨርሲቲ ስለ መገናኛ ብዙኃን፣ ስለ ፖለቲካና ስለ ሐሰተኛ መረጃ የተዘጋጀ የሕዝብ ውይይት ላይ ተገኘሁ። ተናጋሪዎቹ የተዘጋጁ ነበሩ። የድሮ ፎቶ እንደ አዲስ ሲሰራጭ እንዴት እንደሚጣራ በስክሪን አሳዩን። በ1986 የሩዋንዳው ሚል ኮሊን ሬዲዮ በዘር ፍጅቱ ውስጥ የነበረውን ድርሻ አስታወሱን። የተወካዮች ምክር ቤት የካቲት 5 ቀን 2012 ያጸደቀውን የጥላቻ ንግግርና የሐሰተኛ መረጃ አዋጅ ቁጥር 1185ንም አንድ በአንድ ዘረዘሩልን። ከ5,000 በላይ ተከታይ ባለው ገጽ ሐሰተኛ መረጃ ያሰራጨ ሰው እስከ ሦስት ዓመት ሊታሰር እንደሚችል ሲሰሙ ተማሪዎቼ እርስ በርስ ተያዩ።

ከመካከላቸው አንዷ እጇን አወጣች። ክፍል ውስጥ ብዙም የማትናገር ልጅ ናት። «ሐሰቱን የተናገረው ባለሥልጣን ሲሆንስ ማን ያርመዋል?» አለች። ከደምቢ ዶሎ ዩኒቨርሲቲ ወደ ቤታቸው ሲመለሱ የታገቱትን ተማሪዎች ጉዳይ ነበር የምታነሳው። ጥር 2 ቀን 2012 ከጠቅላይ ሚኒስትሩ ጽሕፈት ቤት ሃያ አንድ ተማሪዎች ተለቀቁ የሚል መግለጫ ተሰጠ። ዜናው በየጣቢያው ተነገረ፤ ወላጆች ግን ልጆቻችን አልደረሱንም እያሉ አለቀሱ። ልጅቷ ይህን ሁሉ ለመናገር ዕድል አላገኘችም። መድረክ መሪው ሰዓቱን አየና «ይቅርታ፣ ለጥያቄ ጊዜ የለንም፤ ሻይ ተዘጋጅቷል» አለ። በትሕትና ነው የተናገረው፤ ክፋት አልነበረበትም። እሷም ተቀመጠች።

ወደ ሞጆ ስንመለስ ሚኒባሱ ውስጥ የተወራው ስለ ፎቶ ማጣራት አልነበረም። ያ ጥያቄ ለምን እንደታለፈ ነበር። አንዱ «ፈርተው ነው» አለ፤ ሌላው «ታዘው ነው» አለ። ከተማችን ሳንደርስ ተናጋሪዎቹ በማን እንደተላኩና ስንት እንደተከፈላቸው ሁሉ «ታውቆ» ነበር። አንዱንም የሚያረጋግጥ ሰው በመካከላችን አልነበረም። ሐሰተኛ መረጃን ለመከላከል የተጠራ ስብሰባ አንድ ጥያቄ ስላለፈ ብቻ አዲስ አሉባልታ ወልዶ ከእኛ ጋር ተሳፈረ። እስከዚያ ቀን ድረስ የወሬ መድኃኒቱ ትክክለኛው መረጃ ነው ብዬ አምን ነበር፤ ሰው እውነቱ ከተነገረው ይበቃዋል ብዬ። ሚኒባሱ ውስጥ ሆኜ ግን ሐሳቤ ወደ 2012 ክረምት ሄደ።

አርቲስት ሃጫሉ ሁንዴሳ ሰኔ 22 ቀን 2012 ማታ ሲገደል በማግስቱ ኢንተርኔት ተዘጋ፤ ለሦስት ሳምንት ገደማም እንደተዘጋ ቆየ። ያኔ መዘጋቱን ደግፌ ነበር። ፌስቡክ ከሌለ እሳቱ ይበርዳል ብዬ ነበር። የኢትዮጵያ ሰብዓዊ መብቶች ኮሚሽን ኋላ ባወጣው ሪፖርት በዚያ ሁከት 123 ሰው መሞቱን አስታውቋል። እኛ ግን በዚያ ሰሞን ቁጥርም ማብራሪያም አልነበረንም፤ የነበረን ስልክ ጥሪና ከመንገድ የሚገባ ሰው ብቻ ነው።

ጎረቤቴ የሆኑ አንዲት እናት አሉ፤ ልጃቸው ተሳቢ ይነዳል። በዚያ ሳምንት በሐዋሳ መስመር ነበርና ስልኩ አይነሳም። አንድ ማለዳ ሴቶች ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ወደ ግቢያቸው ሲገቡ አየሁ። ልጁ ከነመኪናው ተቃጠለ ተብሏል። «ልጄ፣ አንተ የተማርክ ነህ፤ እውነት ነው?» አሉኝ፤ ምንም መልስ አልነበረኝም። የእህታቸውን ልጅ ይዤ ወሬው በመጣበት መንገድ ወደ ኋላ መጠየቅ ጀመርን። ለእሳቸው የነገረቻቸው ሴት ከጉሊት ሰማሁ አለች። ጉሊቷ ከአንድ ካቦ፣ ካቦውም ከአንድ ረዳት ሰምተዋል። ረዳቱን መናኸሪያው አጠገብ አገኘነው። «ምን አየህ?» አልነው። ያየው ከባቱ ወዲህ መንገድ ዳር የቆመ፣ ጎማው የተነፈሰ ቀይ መኪና ነው። እሳት አላየም፤ ሰውም አላየም። «የእሳቸው ልጅ መኪናም ቀይ ነው» ብሎ ለካቦው ነገረው፤ የተናገረው ይኸው ነው። በዚህ ሰንሰለት ውስጥ የዋሸ ሰው አልነበረም፤ እያንዳንዱ የጨመረው የራሱን ፍርሃት ብቻ ነው። ሳምንቱ ሳያልቅ ልጁ በሰላም ገባ።

ያንን ለቅሶ የበተነው ረዳቱ ፊት ቆመን «አንተ ራስህ አይተሃል?» ማለታችን ነው። የሚመልስልን ሰው በማግኘታችን እድለኞች ነበርን። በትልልቁ ወሬ ላይ ግን የሚጠየቅ ሰው አይገኝም። ሞጆ አማርኛም አፋን ኦሮሞም የሚነገርባት ከተማ ናት፤ እኔም በሁለቱም ነው ያደግኩት። በዚያ ክረምት አንዱን ግጭት በአንዱ ቋንቋ ስሰማ ሟች የነበረው ወገን በሌላው ቋንቋ ገዳይ ሆኖ ይመጣ ነበር። በሁለቱም ወገን የሚተርኩት የማውቃቸው፣ የማምናቸው ጨዋ ሰዎች ናቸው። ሁለቱን አንድ ቦታ አስቀምጦ በግልጽ የሚጠያይቅ መድረክ ስላልነበረ ሁሉም የራሱን እንደያዘ ቀረ።

ጥያቄ የማይቀበል ምስል ምን እንደሚሠራ አገራችን ከፌስቡክ በፊት አይታዋለች። መስከረም 1 ቀን 1967 ማታ ደርግ የእንግሊዛዊውን ጋዜጠኛ የጆናታን ዲምቢልቢን የወሎ ረሃብ ፊልም ከቤተ መንግሥት ድግስ ጋር እያፈራረቀ በቴሌቪዥን አሳየ፤ በማግስቱ ንጉሡ ከዙፋን ወረዱ። ረሃቡ እውነት ነበር፤ ድግሱም ነበር። ማን፣ ለምን ቀጣጠላቸው ብሎ የሚጠይቅ ተመልካች ግን ቦታ አልነበረውም።

ዛሬ ያው ነገር በእያንዳንዱ ኪስ ውስጥ ነው። የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲው የኬሚስትሪ መምህር ፕሮፌሰር መዓረግ አማረ ስማቸውና ፎቶአቸው ከውንጀላ ጋር በፌስቡክ ከተሰራጨ በኋላ ጥቅምት 24 ቀን 2014 በቤታቸው ደጃፍ ተገደሉ። ልጃቸው አብርሃም መዓረግ ልጥፎቹ እንዲነሱ ለኩባንያው አመልክቶ እንደነበር ይናገራል። በታኅሣሥ 2015 ሜታን ናይሮቢ ላይ ከሰሰ፤ በመጋቢት 2017 የኬንያ ከፍተኛ ፍርድ ቤት ጉዳዩን የማየት ሥልጣን አለኝ ሲል ወሰነ። ይህን ታሪክ ለተማሪዎቼ ስነግራቸው በጣም የሚያመኝ አንድ ነገር አለ። ልጥፉን ካጋሩት ሰዎች መካከል ዝም ብሎ ደውሎ «ይህ ሰውዬ እውነት እንዲህ ነው?» ብሎ አንድ የሚያውቃቸውን መምህር ሊጠይቅ የሚችል ሰው ጠፍቶ ነው?

ስለ ሕጉ ያለኝ አስተያየትም ከዚህ የመጣ ነው። ሰውን የሚያስገድል ውሸት በሕግ ሊጠየቅ ይገባል፤ በዚህ አልከራከርም። ሕጉ ግን የተማሪዬን ጥያቄ አይመልስም። መግለጫ የሰጠ ባለሥልጣን ተመልሶ እንዲጠየቅ ካልተደረገ የሚቀጥለውን መግለጫ እውነት ቢሆንም የሚያምነው አያገኝም። ያ ማጣት ደግሞ ለወሬ ነጋዴው ትልቁ ገበያ ነው።

ከዚያ ወዲህ ክፍሌ ውስጥ አርብ አርብ ግማሽ ሰዓት ለሳምንቱ ወሬ ሰጥቻለሁ። የሰማ ያወራል፤ ሌላው «ማን ነገረህ? እሱስ አይቷል?» ይለዋል፤ በአማርኛም በአፋን ኦሮሞም። እኔም እጠየቃለሁ፤ አላውቅም የምልባቸው አርቦች ብዙ ናቸው። ለውይይቱ አዘጋጅም ደብዳቤ ጽፌያለሁ፤ በሚቀጥለው ጊዜ ከተናጋሪዎቹ አንዱ ይቀነስና የእሱ ሰዓት ለጥያቄ ይሁን፣ የመጀመሪያውን ጥያቄም ያቺ ልጅ ትጠይቅ ብዬ። ሐሳቡን ወዶታል፤ የፕሮግራሙን ረቂቅ እየጠበቅኩ ነው። ልጅቷም ጥያቄዋን በወረቀት ጽፋ ሰጥታኛለች፤ በፊት ከነበረው ረዘም ብሏል።