አምቡሊ፦ ደረቁ ወንዝና የአፈር ግድብ

ከኢትዮጵያ በባቡር የሚመጣ መንገደኛ ነጋድ ጣቢያ ወርዶ ወደ ጅቡቲ ከተማ ሲያቀና፣ በአውሮፕላን ማረፊያው አቅራቢያ የአምቡሊን ወንዝ ያገኛል፤ ወንዝ ይባል እንጂ አብዛኛውን ዓመት ደረቅ ሆኖ የሚከርም፣ ዝናብ ሲጥል ብቻ የሚሞላ «ዋዲ»፣ ማለትም የጎርፍ መውረጃ ሸለቆ ነው። ወለሉን ከላይ ተንከባለው የመጡ ጥቋቁር የባዛልት ድንጋዮች ከጠጠርና ከአሸዋ ጋር ሞልተውታል፤ በዳርቻው እሾሃማ ቁጥቋጦ ላይ የተጠመጠመው ቡትቶና ፌስታልም ያለፈው ጎርፍ እስከ የት ደርሶ እንደነበር ያሳያል። ራቅ ብለው የቴምር ዛፎችና የአትክልት ማሳዎች ይታያሉ፤ እነዚህን የሚያለሙት ጉድጓዶች የሚሞሉትም በዚሁ ወለል ሰርጎ በሚገባው የጎርፍ ውሃ ነው።

አካባቢው በዓመት የሚያገኘው ዝናብ ከ200 ሚሊ ሜትር በታች ቢሆንም፣ ዝናቡ በጥቂት ሰዓታት ውስጥ ሲወርድ የተራቆተው ዓለታማ ተዳፋት ስለማይዘው፣ ውሃው በአንድ ጊዜ ተጠራቅሞ ከተማዋ ላይ ይደርሳል። በሚያዝያ 1996 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 2004) በከተማዋ የደረሰው ጎርፍ ከ50 በላይ ሰዎችን ገድሏል፤ በኅዳር 2012 ዓ.ም.ም ከባድ ዝናብ ብዙ ሰፈሮችን አጥለቅልቋል። በዚያው የባቡር መስመር ላይ የምትገኘው ድሬዳዋም በሐምሌ 1998 ዓ.ም. መጨረሻ፣ እንደ አምቡሊ አብዛኛውን ጊዜ ደረቅ በሆነው በደቻቱ ወንዝ ሙላት ከ200 በላይ ሰዎችን አጥታለች።

ለእንዲህ ዓይነት ወንዝ ከሚበጁት ሥራዎች አንዱ በላይኛው ተፋሰስ፣ ማለትም ውሃው በሚሰበሰብበት አካባቢ፣ የሚሠራ አነስተኛ የአፈር ግድብ ነው። አፈሩ በስስ ንብርብር እየተነጠፈ ይጠቀጠቃል፤ መካከሉ ላይ ውሃ እንዳያሳልፍ የሸክላ አፈር እምብርት ይደረግለታል፤ ፊቱ ደግሞ ማዕበል እንዳይሸረሽረው ድንጋይ ይለብሳል። ግድቡ ጎርፉን ጨርሶ አያስቀርም፤ በአንድ ሰዓት ሊወርድ የነበረውን በብዙ ሰዓታት ከፋፍሎ በመልቀቅ ጉልበቱን ይሰብራል። ትልቁ ጠላቱ በአናቱ የሚፈስ ውሃ ነው፤ አፈሩ አንዴ መታጠብ ከጀመረ ግድቡ በአጭር ጊዜ ሊናድና ያጠራቀመውን ሁሉ ታች ባለው ሕዝብ ላይ ሊለቅ ይችላል። ስለዚህ ትርፉን ውሃ በጎን የሚያወጣው ማስተንፈሻ ከግድቡ ቁመት እኩል ሊታሰብበት ይገባል።

ሁለተኛው ፈተና ደለል ነው፦ ጎርፉ ተሸክሞት የሚመጣው ደቃቅ አፈር ግድቡን ሞልቶ የመያዝ አቅሙን ያሳጣዋል፤ ወለሉንም ደፍኖ ውሃው ወደ ከርሰ ምድር እንዳይሰርግ ያግዳል። ደለሉን በየጊዜው መጥረግ፣ ከግድቡም በላይ በየቦረቦሩ የድንጋይ ክትር እየሠሩ አፈሩን እዚያው ማስቀረት፣ ከተማዋን ከጎርፍ የሚጠብቅና ጉድጓዶቿን የሚሞላ አንድ ሥራ ነው። እንዲህ ያለ ግድብ ሲገነባ ለጥገናው የሚውለው ገንዘብና ሥራውን የሚመራው አካል አብረው ካልተወሰኑ፣ ከጥቂት ክረምቶች በኋላ የሚቀረው በደለል የተሞላ ክምር አፈር ነው፤ በእርሱ ተማምኖ ከታች ቤቱን የሠራ ሰውም ከቀድሞው ለባሰ አደጋ ይጋለጣል።