ትንሿ ምድጃ በቦርደዴ

ቦርደዴ በምዕራብ ሐረርጌ፣ ከአዋሽ ወደ ሚኤሶ በሚወስደው መንገድ ላይ የምትገኝ የቆላ ከተማ ናት። አገሩ ግራርና ቁጥቋጦ ይበዛበታል። በመንገዱ ዳር ግመልና ፍየል ይታያል። መንገዱ ሚኤሶን አልፎ ወደ ደጋው፣ ወደ አሰበ ተፈሪ ይወጣል። አሰበ ተፈሪ ዛሬ ጭሮ ትባላለች።

ቦርደዴ ስንደርስ ፀሐይ ልትጠልቅ ነበር። ከመኪና ወርደን እራት ለማብሰል ተሰናዳን። የያዝናት የከሰል ምድጃ ትንሽ የቆርቆሮ ምድጃ ናት። እጀታ ስላላት በአንድ እጅ ትንጠለጠላለች። ለጥብስ ሲሆን ከላይዋ ፍርግርግ ሽቦ ይደረግባታል።

አንድ የጭነት መኪና ሾፌር ከአጠገባችን አረፈ። «ልጆች፣ መጀመሪያ ነፋሱ ከየት እንደሚመጣ እዩ» አለን። እኛም ዙሪያውን ያለውን ደረቅ ሣር ጠረግን። ነፋሱ ፍሙን እንዳይበትነው ምድጃዋን በድንጋይ ከለልናት። ከሰሉም እስኪፈም ጠበቅን። ነበልባል ሥጋውን ከውጭ ያሳርራል፤ ውስጡን ግን ጥሬ ይተወዋል። ፍም ግን ቀስ አድርጎ ያበስላል።

ጥብሱን በልተን ቡና ስንጠጣ ሾፌሩ እንዲህ አለ፦ «ቦርደዴ ሙቀት ነው። ምድጃ ወደ ቤት የሚያስገባ የለም። ጭሮ ግን ይበርዳችኋል። ያን ጊዜ ይችን ምድጃ አስገብታችሁ እንዳትተኙ። አንድ የማውቀው ረዳት ጋቢና ውስጥ ከሰል አስገብቶ ተኛ። ጠዋት ብንቀሰቅሰው አልነቃም።»

ነገሩ እንዲህ ነው። ከሰል ሲነድ ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባል መርዘኛ አየር ይወጣዋል። ይህ አየር አይታይም፣ አይሸትም። ስለዚህ ጭሱ ጠፍቷል ብሎ ፍሙን ወደ ቤት ማስገባት አደጋ ነው። መርዙ በደማችን ውስጥ የኦክስጅንን ቦታ ይይዛል። ራስ ያማል፣ ያዞራል፣ ያቅለሸልሻል። የተኛ ሰው ግን ይህ ሁሉ አይታወቀውም። ምልክቱ የታየበት ሰው ቶሎ ወደ ደጅ ይውጣ፤ ወደ ጤና ጣቢያም ይወሰድ።

ከመተኛታችን በፊት ፍሙን አፍስሰን ውሃ አፈሰስንበት። አመዱን አማስለን ደገምንለት። በዚህ አካባቢ እሳት ምን እንደሚያደርስ ሰው ያውቃል። በ2004 ዓ.ም. በአሰቦት ገዳም ደን ላይ ቃጠሎ ተነሥቶ ነበር። እሳት ትንሽ የለውም።

በማግስቱ ወደ ጭሮ ወጣን። ሌሊቱ እንደተባለው ቀዘቀዘ። እኛ ጋቢ ደርበን ተኛን። ምድጃዋ ደጅ አደረች።